ሲሪሊክን ቄርሎስ ካልሠራው ታዲያ ማን ሠራው?

ጠያቂው

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቦታ «የሩሲያና የቡልጋሪያን ፊደል፣ ሲሪሊክን፣ የፈጠሩት ቄርሎስና መቶድዮስ የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው» የሚል አነበብኩ። ሌላ ቦታ ደግሞ «በጭራሽ፣ እነሱ የሠሩት ሌላ ፊደል ነው» ይላል። ፊደሉ ግን በስሙ ነው የሚጠራው! ነገሩ እንዴት ነው? ደግሞስ ይሄ ቄርሎስ የእኛው «መጽሐፈ ቄርሎስ» ያለው ሰው ነው? የምታውቁ ከመሠረቱ ጀምራችሁ አስረዱኝ።

ደብተራ_ነኝ_ባይ

የመጨረሻዋን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ቀላል ናት። አይደለም። የእኛው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ነው፤ በፈረንጁ በ444 ነው ያረፈው። ይሄኛው ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ የተሰሎንቄ ሰው ነው። ከኬልቄዶን በኋላ በዚያኛው ወገን የተነሣ ስለሆነ እኛ ዘንድ አይታወቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ይጠራ የነበረው ቆስጠንጢኖስ ተብሎ ነው። ቄርሎስ የተባለው ሮም ላይ ታሞ ሲመነኩስ ነው። ገድሉ እንደሚለው በምንኩስና የቆየው 50 ቀን ብቻ ነው። ፊደሉን ሲሠራ ቄርሎስ የሚባል ሰው ገና አልነበረም ማለት ነው።

የሶፊያ_ልጅ

በደርግ ጊዜ ሶፊያ ነው የተማርኩት፤ ይሄ ወሬ ሲነሳ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ቡልጋሪያ ውስጥ ሜይ 24 ቀን ብሔራዊ በዓል ነው። የነፃነት ቀን አይደለም፣ የድል ቀን አይደለም። የፊደል ቀን ነው። ተማሪው የሁለቱን ወንድማማቾች ሥዕል ተሸክሞ አደባባይ ይወጣል፣ አስተማሪ በአበባ ይንበሸበሻል። ለፊደል ተብሎ መሥሪያ ቤት ሲዘጋ ያየሁት እዚያ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አባታቸው ተሰሎንቄ ላይ የጦር መኮንን ነበር። ከተማው የግሪክ ነው፤ ዙሪያው ግን በስላቮች የተሞላ ነበር። ልጆቹ ሁለቱንም ቋንቋ እየሰሙ አደጉ። ታላቁ መቶድዮስ የአንድ ስላቭ ግዛት አስተዳዳሪ ሆኖ ሠርቶ በኋላ መነኮሰ። ታናሹ ቆስጠንጢኖስ ቁስጥንጥንያ ተምሮ «ፈላስፋው» የሚል ስም አወጣ። በ860 አካባቢ ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ወደሚኖሩት ካዛሮች ተልኮ ነበር። በመንገዱ ክሪሚያ ላይ የሮሙን የቅዱስ ቀሌምንጦስን አጽም አገኘ። ይችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትጠቅመናለች።

በ862 ራስቲስላቭ የሚባል የሞራቪያ መስፍን (ሞራቪያ የዛሬው ቼክና ስሎቫኪያ አካባቢ ነው) ለንጉሠ ነገሥት ሚካኤል 3ኛ መልእክት ላከ። «ሕዝባችን ጣዖት ትቷል፤ ግን በገዛ ቋንቋችን እምነቱን የሚያስረዳን መምህር የለንም» አለ። ንጉሡ ቆስጠንጢኖስን ጠራው። «እናንተ የተሰሎንቄ ሰዎች ናችሁ፤ የተሰሎንቄ ሰው ሁሉ ስላቭኛ አሳምሮ ይናገራል» አለው።

ቆስጠንጢኖስ መልሶ የጠየቀው ጥያቄ ነው እኔን የሚገርመኝ። «ፊደል አላቸው ወይ?» አለ። ንጉሡ «አያቴም አባቴም ፈልገው አላገኙም» ሲለው፣ «ታዲያ በውሃ ላይ ማን ይጽፋል? መናፍቅ መባልስ ማን ይፈልጋል?» አለ። ሁለተኛዋን ልብ በሉልኝ። በዚያን ዘመን አዲስ ፊደል አውጥቶ ቅዱስ መጽሐፍ መጻፍ ሊያስከስስ እንደሚችል ገና ከመነሻው ገብቶታል።

ከዚያ ጸለየ፣ ፊደሉ ተገለጠለት፣ የዮሐንስን ወንጌል «በመጀመሪያ ቃል ነበረ» ብሎ ጀመረ ይላል ገድሉ። በ863 ሞራቪያ ገቡ።

ይሄ ፊደል ግላጎሊቲክ ነው የሚባለው። ሲሪሊክ አይደለም። ቅርጹ ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና መስቀል የበዛበት ነው። የመጀመሪያው ፊደል «አዝ» ራሱ መስቀል ነው። የዛሬ ሩሲያዊ ቢያየው አያነበውም።

አራዳው

ጋሼ አቤት ርዝመቱ! ግን አንድም መስመር አልዘለልኩም።

እኔ ግን ግላጎሊቲክን ኢንተርኔት ላይ አየሁት፤ ግዕዝ እኮ ነው! ቀለበቱ፣ እግሩ፣ ሳጥኑ ሁሉ የእኛ ነው። ሰርቀውናል ብዬ ልገረም?

ስሌት_ወዳጅ

አትገረም ወንድሜ፣ ይሄ ነገር በየመድረኩ በዓመት አንዴ ይነሳል። መልክ ይመሳሰላል፤ እኔም መጀመሪያ ሳየው ደንግጫለሁ። ግን ውስጡን እይ። በእኛ «በ» እና «ቡ» አንድ አካል ናቸው፤ አናባቢው በእግር፣ በክንድ፣ በቀለበት ይመጣል። በግላጎሊቲክ አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ነው፤ እንደ ግሪኩ። ተራውም የእኛን ሀ ለ ሐ መ አይከተልም፤ አ፣ በ፣ ቨ፣ ገ፣ ደ እያለ ነው የሚሄደው። ይሄ የግሪክን ተራ ወስዶ የራሱን ድምፅ ያስገባ ሰው ሥራ ነው። «ሽ» ፊደሉ ደግሞ ከዕብራይስጡ ሺን ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል።

እውነተኛ ዝምድና ከፈለግህ ቁጥር ላይ ናት። የእኛ ፩ ፪ ፫ ፬ ከግሪክ ፊደላት ነው የመጡት፤ ከአልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታ። የድሮው ሲሪሊክም ፊደላቱን እንደ ቁጥር ሲጠቀም ያንኑ የግሪክ ዋጋ ነው የወሰደው። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ግሪክ ውስጥ ያኔ «በ» የሚል ድምፅ ያለው ፊደል አልነበረም። ስለዚህ በሲሪሊክ ሁለተኛው ፊደል «ቡኪ» ቁጥር የለውም፤ 2 የሆነው ሦስተኛው «ቬዲ» ነው። በግላጎሊቲክ ግን «ቡኪ» ራሱ 2 ነው፤ «ቬዲ» 3። የግላጎሊቲክ ፈጣሪ በራሱ ተራ ነው የቆጠረው። የሲሪሊክ ሠሪ ግሪኩን ከጎኑ አስቀምጦ ነው የቆጠረው። ሁለቱን የሠራቸው አንድ እጅ አይመስልም።

አራዳው

እሺ በቃ ሌባ አላልኩም። ግን የሚመሳሰለው ነገር ያምራል።

ጠያቂው

ስሌት_ወዳጅ፣ አመሰግናለሁ፤ ይሄ ቁጥር ነገር ገባኝ። ግን የቀደመው ግላጎሊቲክ መሆኑ በምን ይታወቃል? ሲሪሊክ ቢቀድምስ?

የሶፊያ_ልጅ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ተጨቃጭቀውበታል። ሁለት ማስረጃ ልስጥህ።

ሶፊያ ዳር፣ ከቪቶሻ ተራራ ስር ቦያና የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን አንድ ጥንታዊ ወንጌል ተገኘ፤ አሁን ሞስኮ ነው ያለው። ብራናው ተፍቆ እንደገና የተጻፈበት ነው። ብራና ውድ ስለሆነ ያረጀውን ፍቆ መጻፍ የተለመደ ነበር። ከላይ ያለው ጽሑፍ ሲሪሊክ ነው። ከስር ፍቁ ያልለቀቀው ቀለም ግላጎሊቲክ ነው። ቀድሞ የተጻፈው የቱ እንደሆነ ብራናው ራሱ ይናገራል።

ሁለተኛው ከኖቭጎሮድ ነው። በ1047 ኡፒር ሊኪ የሚባል ቄስ የነቢያትን መጽሐፍ ገልብጦ ነበር። «ከኩሪሎቪትሳ ገለበጥኩት» ብሎ ጻፈ። እሱ የጻፈው በሲሪሊክ ነው። ስለዚህ «የቄርሎስ ፊደል» ብሎ የጠራው ከፊቱ የነበረውን ሌላውን ነው፤ ግላጎሊቲክን ማለት ነው። ስሙ በኋላ ነው ወደ አዲሱ ፊደል የተዛወረው።

ፕራግ_ያለሁት

እዚህ ያለን ሰዎች በጁላይ 5 በእነሱ ስም ዕረፍት አለን፤ ቼክም ስሎቫክም ይዘጋሉ። ግን ሞራቪያ ላይ ሥራቸው ፈርሷል፤ ይሄን ብዙ ሰው አያነሳም። እስቲ የሆነውን ልጻፍ።

በመጀመሪያ ራስቲስላቭ ጻድቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም የጠራቸው። አገሩ ውስጥ ቀድመው የገቡት ከፓሳውና ከሳልዝበርግ የመጡ የጀርመን ቄሶች ናቸው። ከኋላቸው የፍራንኮቹ ንጉሥ ሉድቪግ አለ። ቄሱ የጎረቤት ንጉሥ ሰው ከሆነ አገሩ የማን ነው? ራስቲስላቭ የራሱን ጳጳስ ነው የፈለገው። መጀመሪያ ሮምን ጠየቀ፤ አልሆነለትም። ከዚያ ወደ ቁስጥንጥንያ ዞረ።

ወንድማማቾቹ ሦስት ዓመት ገደማ አስተማሩ። ከዚያ ተማሪዎቻቸውን ለማስቀሰስ ወደ ደቡብ ወረዱ። በመንገድ፣ ባላቶን ሐይቅ ዳር፣ ኮሴል የሚባል መስፍን 50 ተማሪ ጨመረላቸው። ቬኒስ ሲደርሱ የላቲን ካህናት ከበቧቸው። «እግዚአብሔር የሚመሰገነው በዕብራይስጥ፣ በግሪክና በላቲን ብቻ ነው፤ በመስቀሉ ላይ የተጻፈው በሦስቱ ነው» አሏቸው። ቆስጠንጢኖስ «ዝናብ ከእግዚአብሔር ለሁሉም እኩል አይዘንብም ወይ? ፀሐይስ ለሁሉም አይወጣም ወይ?» ብሎ መለሰ። ከዚያ በየቋንቋቸው የሚያመሰግኑ ሕዝቦችን ዘረዘረ፦ አርመኖች፣ ፋርሶች፣ ጆርጂያውያን፣ ጎቶች፣ ዓረቦች፣ ግብፃውያን፣ ሶርያውያን...

ደብተራ_ነኝ_ባይ

ይቅርታ ላቋርጥህ። ያንን ዝርዝር እኔም አይቼዋለሁ፤ ሐበሻ የለበትም! አባ ገሪማ ወንጌል ከዚያ ክርክር በፊት ስንት መቶ ዓመት ተጽፎ ተቀምጧል። እኛን ቢያውቅ ኖሮ ማስረጃው ይጠነክርለት ነበር።

ደግሞ ቆስጠንጢኖስ እነዚያን ካህናት «ጲላጦሳውያን» ብሎ ነው የሰደባቸው፤ በሦስት ቋንቋ ያስጻፈው ጲላጦስ ነው ብሎ። በእኛ ስንክሳር ጲላጦስ ቅዱስ ነው። እኛ ጋ መጥቶ ቢሳደብ አይሰራለትም ነበር።

አራዳው

ሃሃሃ፣ ደብተራው ዛሬ ገደልከኝ።

ፕራግ_ያለሁት

ልቀጥል። ሮም ሲደርሱ ፓፓ ሐድርያን 2ኛ ከከተማው ወጥቶ ተቀበላቸው። ለምን? የሶፊያው ጋሼ ያዙልኝ ያሉት አጽም! የሮም ጳጳስ የነበረውን የቀሌምንጦስን አጽም ተሸክመው ነው የመጡት። የስላቭኛ መጻሕፍቱን ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ውስጥ አስቀምጦ ባረካቸው። በቅዱስ ጴጥሮስ ሳይቀር በስላቭኛ ተቀደሰ። ቆስጠንጢኖስ እዚያው ታሞ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 869 አረፈ፤ 42 ዓመቱ ነበር። ሳን ክሌሜንቴ ነው የተቀበረው፤ ራሱ ባመጣው አጽም ጎን።

የመቶድዮስ መከራ ከዚህ በኋላ ነው። ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ተመለሰ። በ870 የባቫርያ ጳጳሳት ይዘው አሰሩት። ወንጀሉ? «ክልላችን ውስጥ አስተማርክ» ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ጀርመን አገር ታሰረ። ሊቀ ጳጳስን! ፓፓ ዮሐንስ 8ኛ ነው በ873 ያስፈታው። በ880 ደግሞ ስላቭኛ ቅዳሴ ይፈቀዳል ብሎ ደብዳቤ ጻፈለት። ወንጌሉ ግን መጀመሪያ በላቲን፣ ቀጥሎ በስላቭኛ ይነበብ የሚል ነገር አስገባበት።

ኤፕሪል 6 ቀን 885 መቶድዮስ አረፈ። ወዲያው ሁሉም ነገር ፈረሰ። አዲሱ ፓፓ እስጢፋኖስ 5ኛ የስላቭኛ ቅዳሴን ከለከለ። ራስቲስላቭን የተካው ስቫቶፕሉክም ለነገሩ ግድ አልነበረውም። ተማሪዎቹ ተገረፉ፣ ተባረሩ። ወጣቶቹ ለባሪያ ነጋዴ ተሸጡ፤ ቬኒስ ላይ የቁስጥንጥንያ መልእክተኛ ገዝቶ ነፃ አወጣቸው።

ሸጋው_ልጅ

ስለዚህ ወንጌል ምናምን አይደለም፤ ፖለቲካ ነው በሉና። ቄሱም፣ ፓፓውም፣ ንጉሡም መሬት ነው የፈለጉት። «ሐዋርያት» የሚለው የኋላ ቅብ ነው።

ፕራግ_ያለሁት

ሸጋው፣ ግማሹን ልክ ነህ። የላኩትና የጠሩት ሁሉ የየራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው። ግን እስር ቤት የተቀመጠው ሰውዬ ከተፈታ በኋላም ወደዚያው ሥራ ነው የተመለሰው። ፈጣን ጽሕፈት የሚችሉ ሁለት ቄሶች አስቀምጦ ከመቃብያን በቀር መጽሐፍ ቅዱስን አስተረጎመ ይላል ገድሉ፤ በወራት ውስጥ። ለመሬት ብሎ እንዲህ የሚደክም ሰው አላየሁም።

ሸጋው_ልጅ

በወራት ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ? ገድል ገድል ነው።

ደብተራ_ነኝ_ባይ

ገድል ገድል ነው፤ ይሄን ለእኛ አትንገረን። ግን የመቶድዮስ ገድል የተጻፈው ወዲያው ባረፈ ሰሞን ነው፣ በሚያውቁት ሰዎች። ወሩ ቢጋነን እንኳ ሰውየው ተርጓሚ መሆኑ አይካድም።

ጠያቂው

እሺ፣ ሞራቪያ ላይ ከፈረሰ ታዲያ ሲሪሊክ ከየት መጣ?

የሶፊያ_ልጅ

ዋናው ቦታ ላይ ደረስን። ከተባረሩት መካከል ሦስቱ ወደ ደቡብ ሸሹ፦ ክሊመንት፣ ናኡምና አንጌላሪ። ዳኑብ ወንዝ ላይ ጀልባ የለም። ሦስት ግንድ በዛፍ ልጥ አስረው ተሻገሩ። ቤልግሬድ ያኔ የቡልጋሪያ ድንበር ነበር፤ የድንበሩ አዛዥ ተቀብሎ ወደ ንጉሥ ቦሪስ ላካቸው።

ቦሪስ እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ናፍቆ ነበር። የተጠመቀው በ864 ገደማ ነው፤ የግሪክ ጦር ድንበሩ ላይ ቆሞ። ካህናቱ በሙሉ ግሪኮች ነበሩ። የራስቲስላቭ ችግር እሱም ጋ ነበረ ማለት ነው። ልዩነቱ ቦሪስ ጠንካራ መንግሥት ነበረው። ክሊመንትን በ886 ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኦህሪድ አካባቢ ላከው። ገድሉ 3500 ተማሪ አፈራ ይለዋል። ናኡም መጀመሪያ ከዋና ከተማው አካባቢ ቀረ።

በ893 የቦሪስ ልጅ ስምዖን ነገሠ፤ ዋና ከተማውም ፕሬስላቭ ሆነ። ሲሪሊክ የተወለደው እዚህ፣ በዚህ ሰሞን እንደሆነ ነው አብዛኛው ሊቅ የሚያምነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቡልጋሪያ ጸሐፊዎች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ድንጋይ ላይ ሲጽፉ የኖሩት በግሪክ ፊደል ነው። እጃቸው ለምዷል። ክብና ሦስት ማዕዘን የበዛበትን አዲስ ፊደል ከመማር ይልቅ የግሪኩን ትልቁን ፊደል ወሰዱ። ግሪክ ለሌለው ድምፅ፣ ለ«ዠ»፣ ለ«ሸ»፣ ለ«ቸ» ደግሞ ምልክት ጨመሩ፤ ከፊሉን ከግላጎሊቲክ ወስደው። የሠራው የአንድ ሰው ስም አልተጻፈም። ክሊመንት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። የክሊመንት አገር ኦህሪድ ግላጎሊቲክን ከፕሬስላቭ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይዞ የቆየ ነው። አዲሱን ፊደል የሠራ ሰው አሮጌውን ለምን ያስተምራል?

ስለዚህ ለጠያቂው፦ ቄርሎስ ግላጎሊቲክን ሠራ፤ የተማሪዎቹ ትውልድ ፕሬስላቭ ላይ ሲሪሊክን ሠራ። በኋላ ኪየቭ በ988 ስትጠመቅ መጻሕፍቱ ተዘጋጅተው ነው የጠበቋት።

ስሌት_ወዳጅ

የ863ቷን ዓመት በተመለከተ አንድ ነገር ላንሳ። ህራባር የሚባል መነኩሴ ስለ ፊደላቱ አጭር ድርሳን ጽፏል። ስላቮች ድሮ ጭረትና ቅርጻ ቅርጽ ነበር የሚጠቀሙት ይላል፤ ቆስጠንጢኖስ 38 ፊደል ሠራ ይላል። ዓመቱን ደግሞ በዓመተ ዓለም 6363 ነው ያለው። በቁስጥንጥንያ ስሌት 5508 ስትቀንስ 855 ይመጣል። 5500 ስትቀንስ ግን 863! 5500 ደግሞ የእኛው የባሕረ ሐሳብ ቁጥር ነው።

ደብተራ_ነኝ_ባይ

ቀስ በል ልጄ። በእኛ ስሌት 863 ከወጣ እሱ የእኛ 863 ነው። በፈረንጁ 870 ወይም 871 ይሆናል። ያኔ ቄርሎስ መቃብር ነው፣ መቶድዮስ እስር ቤት ነው። ፊደሉን ማን ሊሠራ ነው?

ስሌት_ወዳጅ

አባባ፣ ይሄማ መልስ የለውም! ግን 855ም አይሆንም። ህራባር ራሱ «በሚካኤል፣ በቦሪስ፣ በራስቲስላቭና በኮሴል ዘመን» ይላል። ኮሴል አባቱን የተካው በ861 አካባቢ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የፈለገውን ይበል፣ የነገሥታቱ ዝርዝር ወደ 863 ነው የሚወስደን።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ግላጎሊቲክ ጨርሶ ጠፋ?

ሚላኖ_እታለም

አልጠፋም። ክሮኤሺያ የባሕር ዳርቻ ላይ ቆየ፤ ያውም በካቶሊኮች እጅ። ክርክ ደሴት ላይ የተገኘ በ1100 አካባቢ የተጻፈ ትልቅ የድንጋይ ጽላት አለ፤ ንጉሥ ዝቮኒሚር ለቤተ ክርስቲያን መሬት መስጠቱን ይናገራል። የዚያ አገር ካህናት ፊደሉ የማን ነው ሲባሉ «የቅዱስ ሄሮኒሞስ ነው» ይሉ ነበር። ሄሮኒሞስ የላቲኑን መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመው ነው፤ ትውልዱም ከዚያ አካባቢ ነው። እና ማን ይከለክላቸዋል? በ1248 ፓፓ ኢኖሰንት 4ኛ ለሴኝ ከተማ ጳጳስ በዚሁ ፊደል እንዲቀድስ ፈቀደለት። የቄርሎስን ስም ቢያነሱ ኖሮ እንዲህ የሚቀልላቸው አይመስለኝም። በ1483 ደግሞ የሮም ሥርዓት ቅዳሴ መጽሐፍ በግላጎሊቲክ ታተመ፤ ለክሮኤሺያ የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ ነው።

አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ቦርሳችሁን ፈትሹ። የክሮኤሺያ 1፣ 2 እና 5 ሳንቲም ጀርባ ላይ ያለችው የተጠላለፈች ምልክት ግላጎሊቲክ ናት፤ የአገሩ ስም ሁለት ፊደላት ናቸው። ሲሪሊኩን ከፈለጋችሁ በ2013 የወጣችውን ባለ 5 ዩሮ ኖት እዩ፤ «ኤቭሮ» ተብሎ ከግሪኩ ጋር አብሮ ተጽፏል።

አራዳው

አሁን ነው የገባኝ! ያቺን ሳንቲም አንዴ ሱቅ መልስ ሰጥተውኝ «ይቺ የምን አገር ናት» ብዬ ካሸሪዋን ጨቅጭቄያታለሁ። እሷም አላወቀችም።